የአንድ ዓይና መኪና ባለቤት ኑዛዜ

ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመውን ሕግ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እደግምላችኋለሁ፤ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ይህን የማነሣው ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የምናዘዘው ጥፋት ክብደቱ በትክክል እንዲመዘንልኝ ብዬ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመኪና መብራት ቢያበላሽ አላዋቂ ነው ተብሎ ይታለፋል። የፊዚክስ መምህር ሲያበላሽ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል። የሰፈራችን ልጆች ስሙን አውጥተውልኛል፤ መጽሔት ላይ የሚጻፍ ግን አይደለም።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ አገሩ ሁሉ «ዲኤክስ» የሚላት። ድሮ በተበላሸች ቁጥር «ሸጬሽ ሌላ ከውጭ አስመጣለሁ» እያልኩ አስፈራራት ነበር፤ በመምህር ደመወዝ የማይሞከር ዛቻ መሆኑን እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ዛቻውም ቀረ። እየተሰዳደብን አብረን እናረጃለን።

በኑዛዜዬ መካከል ጥፋቱን እሷ ላይ እንዳላላክክ አስቀድሜ ልመስክርላት፤ አሠራሯ ቀላል ነው። ዛሬ በየመንገዱ ከሚታዩት አዳዲስ መኪናዎች የብዙዎቹን መብራት የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ሲበላሽ በኮምፒውተሩ ማሳበብ ይቻላል። የእኔዋ ያሏት አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ አንዳንድ ቦታ ሪሌ፣ አምፖል፣ በመጨረሻም ከረንቱ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ግራውንድ ብቻ ናቸው። ከረንት ሄዶ መመለስ አለበት፤ መመለሻ ከሌለው መጀመሪያውንም አይሄድም። ይህን ሰርኪዩት ጎበዝ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሥሎ ያስረክባል። ብልሽቱም ከነዚህ በአንዱ ላይ፣ ወይም በመካከላቸው ባለው ሽቦ ላይ ከመሆን አያልፍም። የት እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ በቅደም ተከተል መለካት ነው። የእኔ ኑዛዜ በአጭሩ ይህን አለማድረጌ ነው። በረጅሙ ደግሞ እንደሚከተለው ነው።

ነገሩ የጀመረው የግራው የፊት መብራት በመደብዘዙ ነው። አልጠፋም፤ ደበዘዘ። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ክሩ የተበጠሰ አምፖል ጭራሹን አይበራም። ክሩ ሳይበጠስ ከጓደኛው ተለይቶ የሚደበዝዝ አምፖል ግን የሚደርሰው ቮልቴጅ ማነሱን ነው የሚናገረው፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር እየበላበት ነው። ያውም ሌላ ፍንጭ ተሰጥቶኝ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሶኬቱ አካባቢ በመዳፌ መታ ሳደርጋት ቦግ ትላለች። ሲነካኩት የሚበራ፣ ሲተዉት የሚደበዝዝ መብራት «መጋጠሚያዬ ላልቷል» እያለ ነው። እኔ ግን ምርመራውን መድኃኒት አደረግሁት። ማታ ከቤት ከመውጣቴ በፊት መታ። ለቦሎ ምርመራ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ወርጄ መታ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አለኝ መርማሪው።

«አቧራ እያራገፍኩ ነው» አልኩት።

ፈተና ላይ ሲኮርጁ የያዝኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ነበራቸው።

መታ መታው መሥራት ሲያቆም መርካቶ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ለሚፈልግ ሰው የማይታለፍ ሰፈር ነው፤ የተሰረቀ ስፖኪዮውን እዚያው መልሶ የገዛ ሰው ቀልድ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። አምፖል ሻጩ ልጅ ሁለት ካርቶን አወጣልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ኦርጅናል ናት። ይቺም ደህና ናት።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ዋጋቸው።»

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ ከሁለቱም የረከሰች ሦስተኛ ገዛሁ።

የገዛሁት ኤች ፎር የሚባለውን ሃሎጅን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ፣ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክሮች የያዘ፤ አንዱ ለረጅም መብራት 60 ዋት፣ ሌላው ለአጭር 55 ዋት። ብርጭቆው ኳርትዝ ነው፤ ሲበራ ክፉኛ ይግላል። የጣት ቅባት ካረፈበት ያ ቦታ ከሌላው ተለይቶ ይግልና አምፖሉ ያለ ዕድሜው ይሞታል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። በእጅ እንዳይነካ በካርቶኑ ላይ በመስመር የተሰረዘ እጅ ይሣላል። ሥዕሉን አይቼ «አትስረቅ» ማለት መሰለኝ ብዬ ብቀልድ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ካርቶኑን ሳላየው ጥዬ፣ ምሳዬን በበላሁበት እጅ፣ ያውም ቅቤ የጠጣ ሽሮ በበላሁበት እጅ፣ ብርጭቆውን ጥርግ አድርጌ አሽቼ መግጠሜ ነው። ያሸሁት እንዲጠራ ብዬ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ የታወቀ ነው።

ያቺ አምፖል ብዙም ሳትቆይ ፈነዳች። ተተኪዋ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ደብዛዛ ሆነች። እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው «አምፖል ቀየርኩ፣ ድብዘዛው አልተቀየረም፤ እንግዲያው ችግሩ አምፖሉ አይደለም» ይላል። እኔ ያልኩት «እንግዲያው አምፖሉ ትንሽ ነው» ነው። ባለ 100 ዋት ፈልጌ ገዛሁ።

የሚቀጥለውን ስሌት ስንት ትውልድ በሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳይቻለሁ። 60ን ለ12 ስታካፍሉት 5 አምፔር ነው፤ 100ን ለ12 ስታካፍሉት ከ8 በላይ። ሽቦና መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ ለ60 ዋት ታስቦ በተሠራ ሶኬት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ለቀቅሁ ማለት ነው። ያውም መጋጠሚያው ከመጀመሪያው የታመመ ሶኬት ላይ። መብራቷ ለጥቂት ጊዜ ደመቀች። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ «ጎሽ» አለችኝ። ከዚያ የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀለጠ፣ ውስጡ ያሉት ብረቶች ተነካኩ፣ ሾርት አደረገ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በአግባቡ የሠራ ፍጡር ቢኖር ያ ፊውዝ ብቻ ነው። እኔም እንደ ወጉ ቀጣሁት።

የፊውዝ ቀለም የሚያምር ቋንቋ ነው። ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30። የተቃጠለው ሰማያዊ ነበር። ጊዜው ምሽት፣ ሱቁ ዝግ፤ በኪሴ ያለው ማስቲካ ነው። ማስቲካውን አኘክሁ፣ ብርማ ወረቀቱን ፊውዙ ላይ ጠቀለልኩ። በማግሥቱ ሱቅ ተከፍቶም «አሁንማ እንዳይቃጠል» ብዬ አረንጓዴ ገዛሁ። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ለ15 አምፔር የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ 30 ሲያልፍበት ፊውዙ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይግላል፤ የዚያን ጊዜ ፊውዝ የሚሆነው ዳሽቦርዱ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ አፍንጫዋን አነሣች።

«የምን ሽታ ነው?»

«ከውጭ ነው። ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ይኖራሉ።»

«መስኮቱ ዝግ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ከመዝጋታችን በፊት ገብቶ ነው።»

ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ሲወጣ ያየችውም እሷ ናት። ባትሪውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እንኳ አትንፈጉኝ። ያኔም ኤሌክትሪሺያን ጋ አልሄድኩም። ሽቦውን ራሴ በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ሶኬት ገዝቼ፣ ወደ 60 ዋቱ ተመለስኩ። የግራው መብራት ደብዛዛነቱን አልረሳም።

በዚህ ጊዜ ነው መመርመር ይሻላል የሚል ሐሳብ የመጣልኝ፤ ከሁሉም የባሰውን ጥፋት ያጠፋሁትም በመረመርኩ ጊዜ ነው። የመፈተሻ መብራት ገዛሁ፤ አንድ ጫፉ መቆንጠጫ፣ ሌላው ሹል ነው። መቆንጠጫውን ከመኪናዋ ብረት አያይዤ፣ አጭሩን መብራት አብርቼ፣ የሶኬቱን ሦስት ሽቦዎች በሹሉ ጫፍ አንድ በአንድ ነካሁ። የአጭሩ መብራት ሽቦ ላይ ምንም የለም። ያላበራሁት የረጅሙ ሽቦ ላይ ግን ቦግ አለ። ተገላቢጦሽ። «አሃ!» አልኩ፤ «አንዱ መካኒክ ሽቦዎቹን አቀያይሮ ገጥሟቸዋል።» የተማሪን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ የማረም ልማድ በቀላሉ አይለቅም። የግራውን አቀያየርኩ። ቀኙም ያው ሆኖ ስላገኘሁት እሱንም አቀያየርኩ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት «ስሕተት» መገኘቱ ትንሽ እንኳ አላጠራጠረኝም።

ያላወቅሁት ይህን ነው። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ረጅሙንና አጭሩን መብራት የሚለዋውጠው ማብሪያ የሚቆጣጠረው የሚሄደውን ከረንት ሳይሆን የሚመለሰውን ነው። ፖዘቲቩ ለሁለቱም ክሮች በጋራ ይደርሳል፤ ማብሪያው ከሁለቱ መመለሻዎች አንዱን መርጦ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ የበራው ክር መመለሻ ላይ ቮልቴጅ የለም፤ ከረንቱ ሥራውን ጨርሶ እየወጣ ነውና። ያልበራው ክር መመለሻ ላይ ደግሞ መውጫ ያጣ ቮልቴጅ ቆሞ ይጠብቃል። መሣሪያዬ ያሳየኝ ጤነኛ መኪና ነበር። ጤነኛዋን አሳመምኳት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ዘንዶው በሌላ ሰው ላይ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱን ያየሁት ለለቅሶ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው። ከደብረ ብርሃን አልፈን ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ጨለመ፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግብኛል። እኔ አጭር ላይ ነኝ፤ የረጅሙ ምልክት የሆነችው ሰማያዊ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ጠፍታለች፤ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። «የዘንድሮ ሹፌር ሥርዓት የለውም» እያልኩ አብረውኝ ላሉት ለቀስተኞች ስለ መንገድ ሥነ ምግባር ትምህርት ሰጠሁ። አንዱ አይሱዙ አልፎን ሲሄድ የተናገረው ግን ስለ እናቴ ነበር። ከዚያ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ አካባቢ ጉሙ ወረደ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ከውኃው ጠብታዎች እየተበተነ ወደ ራስ ዓይን ይመለሳል። ይህንንም አውቃለሁ። እጀታው አጭሩ ላይ መሆኑን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩ። አጭሩ ላይ ነበር። ሽቦውን ስላቀያየርኩት ግን የሚበራው ረጅሙ ነው። ከፊቴ ነጭ ብቻ ሆነ። መጽሐፉ የሚለውን በትክክል እየፈጸምኩ፣ መጽሐፉ የሚከለክለውን አብርቼ፣ ከለቀስተኞቹ አንዱ ከፊት ወርዶ በእግሩ እየመራን ዋሻውን አለፍን። ሟቹ ዘመዳችን ሰዓት የሚያከብር ሰው ነበር፤ እኛ የደረስነው ከቀብር በኋላ ነው።

ስለ ፍሬቻው በአጭሩ ልናዘዝ። ለጌጥ ብዬ አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቀየርኩ። ፍሬቻው በእጥፍ ፍጥነት መርገብገብ ጀመረ። የፍሬቻው ሪሌ የሚያልፍበትን ከረንት መጠን አይቶ ነው የሚሠራው፤ 21 ዋት የሚወስድ አምፖል ተነሥቶ ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ ሲገባ አምፖል የተቃጠለ መስሎት በመፍጠን ሹፌሩን ያስጠነቅቃል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ «ሞዴሉ ነው» የሚል ነበር።

የኋላው ጉድ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ፍሬን ስረግጥ የዳሽቦርዱ መብራት ጭል ጭል ይላል። ፍሬቻ ሳሳይ የኋላው ቀይ መብራት አብሮ ይንቀጠቀጣል። ማብሪያውን ሳልነካ የፊት ትንንሾቹ መብራቶች ይበራሉ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና ከኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ከቆየ በኋላ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ጋሼ፣ ሊታጠፉ ነው፣ ሊቆሙ ነው፣ ወይስ ሊሄዱ?»

«ልሄድ ነው።»

«መኪናዋ ሦስቱንም ትላለች።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ጥፋተኛ አላጣሁም። የቻይና አምፖልን ወቀስኩ። ኮብልስቶኑን ወቀስኩ። መኪናዋን ከእኔ በፊት የነዳትን ሰው በሌለበት ወቀስኩ። አይጥ ሽቦ በላ አልኩ፤ አይጥ ለመኖሩ ማስረጃ ስጠየቅ «ሽቦው» አልኩ። ያልወቀስኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ካቻቢቴ ይዞ ከኮፈኑ ሥር የማይጠፋው።

ፖሊሱ ቅጣቱን ጽፎ ሰጠኝና በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ከአስተማርኳቸው ሁሉ የሚያንስ ልጅ ነው፤ መሣሪያው አንድ ቮልት መለኪያ፣ አንድ ፒንሳና አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት። እኔ ቀድሜ ጀመርኩ፤ ሪሌው ሊሆን እንደሚችል፣ ማብሪያው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል፣ የባትሪው አሲድ እንደቀነሰ አስረዳሁት። ልጁ አላቋረጠኝም። እኔ እያወራሁ የኋላውን መብራት ሽፋን ፈታ፣ የመለኪያውን ጥቁር ገመድ አርዝሞ ከባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰረ፣ ቀዩን ጫፍ አምፖሉ የሚቀመጥበት ብረት ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ፍሬን ይርገጡልኝ።»

ረገጥኩ።

«ሦስት ቮልት» አለ።

ያ ቁጥር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን ነበረበት። የአምፖሉ ማቀፊያና የባትሪው ኔጋቲቭ በብረት የተገናኙ ናቸውና በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ሦስት ቮልት አለ ማለት ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱን በመመለሻው መንገድ ላይ ዝገት እየበላው ነው። አምፖል ደግሞ ቮልቴጅ ሲቀንስበት በዚያው ልክ አይደለም ብርሃኑ የሚቀንሰው፤ ቮልቴጁ በሩብ ሲወርድ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ልጁ ግራውንዱ የታሰረበትን ብሎን ፈታ። ከሥሩ ቀለምና ዝገት ተጋግሮበታል። በብርጭቆ ወረቀቱ ፈተገው፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ መልሶ አሰረው። «ይርገጡ።» ረገጥኩ። ፍሬኑ በራ፤ ዳሽቦርዱ ጭል አላለም።

ጭልጭልታው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው። በአንድ አምፖል ውስጥ 21 ዋት የፍሬን ክርና 5 ዋት የማታ መብራት ክር አብረው አሉ፤ መመለሻቸው አንድ ነው። መመለሻው ሲደፈን የፍሬኑ ከረንት፣ የራሱ በር ተቆልፎበት በጎረቤት ግቢ አቋርጦ እንደሚወጣ ሰው፣ በአምስት ዋቱ ክር ወደ ኋላ ይገባና የማታ መብራቶቹን መስመር ይዞ ዳሽቦርድ ድረስ ይሄዳል፤ ባለፈበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያበራ። መኪናዋ አላበደችም። የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ በየአምፖሉ ስትደጋግመው ነው የከረመችው።

የግራው የፊት መብራትም በዚያው ዘዴ ተገኘ። ከአምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ መጋጠሚያ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ላልቶ ነበር። ልጁ አጸዳው፣ በፒንሳ ጠበቅ አደረገው፤ መብራቷ ከቀኟ እኩል ሆነች። ያቀያየርኳቸውን ሽቦዎች ሲያይ «ይህን የሠራው ማነው?» አለ። «ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው» አልኩት። እዚህ ላይ ቆሜ ይህን ውሸት ለብቻው እናዘዛለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ እሱ ይቆረቁረኛልና።

በማስተማር ዘመኔ ተማሪዎች ከምንም በላይ የሚፈሩት አንድ ልማድ ነበረኝ። ትክክለኛ መልስ እንኳ ቢጽፉ አሠራሩን ካላሳዩ ነጥብ እቀንሳለሁ። «መልሱን ከየት አመጣኸው? ከጎረቤት ነው ወይስ ከሰማይ?» እያልኩ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳያለሁ። መኪናዬ ፊት ግን እኔ ራሴ ሁልጊዜ መልስ የሚጽፍና አሠራር የማያሳይ ተማሪ ነበርኩ። አምፖል ነው፤ ትንሽ አምፖል ነው፤ ፊውዝ ነው፤ ሽቦው ተቀያይሯል፤ አይጥ ነው። የብርጭቆ ወረቀት የያዘው ልጅ አንድም መልስ አልነበረውም፤ የነበረው ቅደም ተከተል ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እኔ ተምሬያለሁ፣ ጠምጥሜያለሁ፤ በመካከል መለካት የሚባል ነገር መኖሩን ነው የዘለልኩት።

ለማንም የሚጠቅም ከሆነ ቅደም ተከተሉን ልጻፈው፤ ንስሐ ያለ ካሣ አይሆንም። መጀመሪያ የትኛው መብራት እንደጠፋና የትኛው እንዳልጠፋ ጻፉ፤ ሁለቱም ጎን አብረው ከጠፉ አምፖል ከመሆኑ በፊት ፊውዝ ወይም ማብሪያ መሆኑ ይቀላል። አምፖሉን አውጥታችሁ ክሩን በብርሃን ፊት እዩ። ፊውዙን እዩ፤ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው ቀለም ቀይሩ፣ ደግሞ ከተቃጠለ ሾርት ያደረገውን ፈልጉ እንጂ ትልቅ አትክተቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ገደማ መሆኑን ለኩ። ከዚያ መብራቱ በርቶ ሳለ አምፖሉ ድረስ የሚደርሰውን ቮልቴጅ፣ ቀጥሎም የሚመለስበትን መንገድ ለኩ። ከአሥር ሳንቲም በላይ የሚያወጣ ማንኛውም ዕቃ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ተምሬ ተለወጥኩ ብዬ ኑዛዜዬን ብዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጎረቤታችን ቪትዟን አቁማ በሩን አንኳኳች።

«መምህር፣ ይቺ የቀኝ መብራት ጠፍታብኛለች። እርስዎ ያውቃሉ ሲሉኝ ነው።»

ማን እንዳላት አልጠየቅሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞርኳትና «ግራውንድ ነው» አልኩ። መከላከያው ወለቀ፤ የብርጭቆ ወረቀት ከቤት መጣ፤ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ እየፈታሁ ፈተግሁ፤ ስለ ቮልቴጅ መውረድ፣ ስለ ዝገት፣ ስለ መመለሻ መንገድ ለተሰበሰበው ሰፈር ሁሉ አስረዳሁ። መብራቷ አልበራችም። ገና ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጇ እኔ ወደ ባትሪው ስዞር አምፖሉን ነቅሎ ወደ ፀሐይ ይዞ ተመለከተው።

«መምህር» አለ በትሕትና፣ «ክሩ ተበጥሷል።»

ሰፈሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«የተበጠሰው» አልኩት፣ «በግራውንዱ ምክንያት ነው።»